የቀጠነ ቀለም

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ሰፈርተኛው «ባለመሰላሉ» ይለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ ቀብቼ አላውቅም፤ መሰላሉን ስነካ «ትወድቂብኛለሽ!» ብሎ ይጮህብኛል። ግትር ነው። እኔም በእሱ ነው የወጣሁት።

የደም ግፊት ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት ያለ ጭቅጭቅ ይውጣል። ጣጣው የመጣው የልቡ ምት ሲዛባ ነው። ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችው፦ ምቱ ሲዛባ ደም ልብ ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። «ስለዚህ ደም ማቅጠኛ አዝዤልዎታለሁ» አለችው።

ያቺን ቃል ባትናገር ምን ነበረበት!

«ማቅጠኛ?» አለ አባባ ብድግ ብሎ። «ስሚ ልጄ፣ እኔ ቀለም አቅጥኜ የሰው ግድግዳ አበላሽቼ አላውቅም። አቅጥን ያለኝን አሠሪ ሁሉ ብሩሼን ጥዬበት ወጥቻለሁ። አሁን በስተርጅና ደሜን ላቅጥን?»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ አውቀዋለሁ።

ማቅጠኛው ኪኒን ሦስት ሳምንት ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ የቀለም መርጫውን አመጣሁና ያልቀጠነ ቀለም ሞልቼ ሰጠሁት።

«ርጭ!»

የመርጫው አፍ ተደፈነ። ጠብ የሚል ጠፋ።

«ይኸውልህ፣ ልብህ ማለት ይህ ነው» አልኩት።

መርጫውን ሲያገላብጥ ቆየና «ይህንንማ መች አጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። ከኪሱ የታጠፈ የቀጠሮ ካርድ አወጣ። ጀርባው ላይ ሐኪሟ በእጇ ጽፋለች፦ «መድኃኒቱን ሲጀምሩ መሰላል ላይ አይውጡ። ከወደቁ ደሙ ቶሎ አይቆምም።»

ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቆኝ ነው።

«ከመሰላል ከወረድኩ እኔ ምንድን ነኝ?» አለኝ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ለአንድ እንጨት ብሎ ሊሞትብኝ!

በማግስቱ የአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ልንቀባ ገባን። ቱታውን ሲለብስ ኪኒኑን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። ከዚያ ዞር እስኪል ጠብቄ መሰላሉን እስከ ጫፍ ወጣሁት።

ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ያዘው። «ውረጂ! ትወድቂብኛለሽ!»

«አንተስ አትወድቅብኝም? ኪኒኑን እስክትውጥ አልወርድም።»

«በየትኛው እጄ ልዋጥ? ከለቀቅኩትኮ ትወድቂያለሽ!»

«እንደፈለግክ!»

ሲሳደብ፣ ሲራገም ቆየና በአንድ እጁ መሰላሉን እንደያዘ በሌላው ኪኒኑን አወጣ፤ ማሸጊያውን በጥርሱ ቀደደ፣ ያለ ውሃ ዋጠው።

«ዋጥኩ። አሁን ውረጂ።»

«ከዋጥክማ መሰላሉ የኔ ሆነ። ካርዱን አንብበው።»

ብሩሼን ነከርኩና ጣሪያው ሥር ያለውን ጠርዝ ጀመርኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዓይኑ እርጥብ ነው።

«አታቅጥኚው!» ብሎ ጮኸብኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መሰላሉን አልለቀቀም።