ወገበ ቀጭኑ ማሳ

ዴልማር ማማው ላይ ሆኖ መጀመሪያ ያየው ለሃጩን ነው። ከአጋዘኑ አፍ ተንጠልጥሎ በማለዳው ብርሃን እንደ ክር ያበራል። ያ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ዛሬም አለ፤ ከሥሩ ግን የቀረው የጎድን አጥንት ብቻ ነው። የአደን ወቅት በተከፈተበት ማለዳ፣ የዊስኮንሲን ኮረብታዎች በሙሉ ጠመንጃ በያዘ ሰው ተሞልተው ሳለ፣ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ከበቆሎው ወጣ።

ታላቅ ወንድሙ ሮይስ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«ንጉሤ ስትለው የከረምከው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ምን ብታበላው ነው እንዲህ ያማረበት?»

አባታቸው ሲሞት ቤቱና ላሞቹ ለሮይስ፣ ማረሻ ሰባሪው የኮረብታ ጀርባ ለዴልማር ደረሱ። «ዴልማር እንደሆነ ድንጋይ ይወዳል» ተብሎ በቀብሩ ቀን ተስቆበታል። የሳቁትን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ድንጋዩን ስድስት ዓመት ለቀመ። ከዚያ በጸደይ በቆሎና ቀይ ሥር፣ በነሐሴ አጃ መዝራት ጀመረ፤ ለሰው ሳይሆን ለአጋዘን። ቀይ ሥሩን አመዳይ እስኪመታው ድረስ ዞር ብለው አያዩትም። አመዳይ ሲመታው ይጣፍጣል፤ ያኔ የአካባቢው አጋዘን ሁሉ የእሱ እንግዳ ነው።

አዘራሩም እንደ ሰው አልነበረም። የማሳውን መሐል እንደ ተርብ ወገብ አጥብቦ፣ ከላይ ወደ ታች የሚሻገር ሁሉ በማማው ሥር እንዲያልፍ አደረገ። ወገቡ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ አጎንብሶ አሰረ፤ አጋዘን እንዲህ ያለውን ሳያሸትና ሳይልስ አያልፍምና። ንጉሡ እስኪያድግ ብሎ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥይት አልተኮሰበትም። አምና እነዚያው የሳቁበት ሰዎች መጥተው «እስቲ አሠራሩን አሳየን» አሉት። ዴልማር ለሰው ያሳየው ነገር ሲኖር በዕድሜው ያ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን አጋዘኑ የማሳው ወገብ ዘንድ ደረሰና ቅርንጫፉን ላሰ። ቀስ ብሎ፣ ለሃጩን እየጎተተ። ከኋላው ሁለት ሴት አጋዘኖች ከነግልገሎቻቸው ተራ እንደያዘ ሰው ቆመዋል።

«ያ አንጎል የሚበላው በሽታ ነው» አለ ሮይስ። «የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች በስብሰባው ላይ የነገሩን። በምራቅ ነው የሚጋባው። አፈሩም ለዓመታት ይይዘዋል ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ሰምተህ ነው አንድ ሳህን ላይ የሰበሰብካቸው?»

«እናንተ ያላችሁትን ብሰማ ኖሮ ድንጋዬን ታቅፌ እቀመጥ ነበር።»

ሮይስ ሊስቅ ብሎ ተወው። «በል ተኩስ። የራስህ ነው።»

ተኮሰ። ንጉሡ ያን ያህል ዓመት የተጠበቀ አልመሰለም፤ እንደ ባዶ ጆንያ ቀይ ሥሩ ላይ ተጣጠፈ። ሌሎቹ በርግገው በቆሎው ውስጥ ገቡ።

ዴልማር ወርዶ ቅርንጫፉን በቢላዋ ቆረጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ቀይ ሥር መንቀል ያዘ። መሬቱ በውርጭ ደርቋል፤ ቅጠሉ እጁ ላይ ይቀራል፣ ሥሩ ከመሬት አይወጣም። በጥፍሩ ቆፈረ። ሦስት ነቀለ፣ አራተኛው እምቢ አለው።

«ስንቱን ልትነቅል ነው?» ሮይስ ከማማው አልወረደም። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ለዴልማር ይህ ከፌዝም ባሰበት። «ተነስ ወንድሜ፤ እጅህ ደማ።»

«ያረስኩት እኔ ነኝ።»

«ማን አላረስክም አለህ?»

ቀና ሲል አንዷ ሴት አጋዘን ከበቆሎው ወጥታለች። ግልገሏ ይከተላታል። የበረገገችው ለጥይቱ ነበር እንጂ ለእሱ አይደለም፤ እሱን በትራክተር በረዶ እየጠረገ፣ በቆሎ እየጣለላት በየክረምቱ አይታዋለች። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ወደወደቀበት ሄዳ አሸተተችው።

«ሂጂ» አላት። ድንጋይ ፈለገ፤ በዚያ ማሳ ላይ አንድም አልተረፈም። በእጁ ያለውን ቀይ ሥር ወረወረባት። ከእግሯ ሥር አረፈ።

«ሂጂ እንጂ።»

ጆሮዎቿን ወደ ድምፁ አቀናች። ከዚያ አጎንብሳ የወረወረላትን ቀይ ሥር ገመጠች፤ ግልገሏም ከአፏ ሥር ገብቶ ከወዲያኛው ጫፍ ያዘ።