የኪፕሪያን ጀልባ ቀዳዳ

በወርክሾፓችን አንድ ሕግ ነበር፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። መዳብ ወይም ነሐስ የያዘ ሰው አሉሚኒየም ጀልባ ውስጥ አይገባም። በኪሱ የመዳብ ሳንቲም የተገኘበት ሰው ሳምንት ሙሉ ወለል ይጠርጋል። ምክንያቱን ለሁሉም አስረድቻለሁ። ነሐስና አሉሚኒየም በጨው ውሃ ውስጥ ከተነካኩ ነሐሱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ እስኪበሳው ድረስ። አንዴ አማቼን፣ የልጄን የኡሊታን ባል ላዛርን፣ በቁልፉ ማንጠልጠያ ላይ በተገኘች ጥፍር የምታህል ነሐስ የተነሳ ሰው ሁሉ እያየ ጮኼበት ከጀልባ አስወርጄዋለሁ። ሳቀና ወረደ፤ ሳምንቱንም ጠረገ። ቂም የማያውቅ ልጅ ነው።

እኔ አኒሲም እባላለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አርባ ስደተኛ የክርስቲያን ቤት ሆነን፣ ባሕረ ሰላጤው ዳር ካለችው ከሆመር ከተማ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ እንኖራለን። ጀልባ እንሠራለን፣ ዓሣ እናጠምዳለን፣ እንጾማለን። ጢሜ በብየዳ ብልጭታ ስለተበሳሳ ሚስቴ በሕይወት ሳለች ብል የበላው ፀጉር ነው ትለኝ ነበር። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለ አሉሚኒየም ጀልባ ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሰው ነበርኩ።

ኪፕሪያን የክርስትና ልጄ ነው። አባቱ በእንጨት ጀልባ ሲያጠምድ ባሕር በላው፤ ልጁ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አድጎ የራሱን ጀልባ ሲያዝዘኝ እንቅልፍ አጣሁ። ንድፉን አራት ጊዜ ቀየርኩት። ጎድኖቹን አቀራረብኩ፣ የሆዱን ላሜራ ወፍራም አደረግኩ። የታችኛውን ብየዳ ለላዛር ሰጠሁት፤ በመንደሩ እንደ እሱ የሚበይድ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። የላዛር ብየዳ የተደረደረ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል።

የጀልባው አፍንጫ፣ የፊት ጫፉ፣ ወለል ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁሉም ወደ እንፋሎት ቤት ሄደው ገላቸውን ሲታጠቡ እኔ ቀረሁ። አባቴ ከስደት ስደት ይዟት የዞረ፣ መዳፍ የምታህል የቅዱስ ኒቆላዎስ ምስል ነበረችኝ፤ ከነሐስ የተሠራች። በአሮጌ ጎማ ጠቅልዬ በሲባጎ አሰርኳትና ከወለሉ ሥር፣ ከጀልባው ሆድ ላይ አስቀመጥኳት። አውቄ ነው። የልጁን አባት የበላ ባሕር ልጁን እንዳይደግም ብዬ ነው። ጎማው ውሃ አያስገባም ብዬ አሰብኩ። ቅዱሱ የክርስትና ልጄን ጀልባ አይበላም ብዬም አሰብኩ። ይህን ሁለተኛውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሆዴን ይዤ እስቅበት ነበር። ሰኞ ጠዋት ላዛር ምንም ሳያውቅ ወለሉን በየደበት።

ጀልባው ሁለት የማጥመጃ ወቅት ደህና ሠራ። በሦስተኛው፣ በሐምሌ፣ ቀዩ ሳልሞን የተባለው ዓሣ ሩቅ ያለውን የብሪስቶል ቤይ ማጥመጃ ሲሞላው፣ ኪፕሪያን ከባልደረቦቹ ጋር ዓሣ ጭኖ ሲመለስ የጀልባው አፍንጫ ወደ ታች ይሰምጥበት ጀመር። ፓምፑ አልቻለም። የያዙትን ዓሣ መልሰው ባሕር ውስጥ ደፉት፤ ሌሎች ጀልባዎች ደርሰው ጎትተው አወጧቸው። ማንም አልሞተም፣ ተመስገን። ከዓመቱ የተሻሉትን ቀናት ግን አሸዋ ላይ ተቀምጠው የሰው መረብ ሲሞላ አዩ።

በመስከረም ጀልባውን በመኪና አመጣው። ወለሉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ላሜራውን ከማንሳቴ በፊት ኪፕሪያንን ሻይ እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ ልቤ ነግሮኝ ኖሯል። ጎማው ተቀዶ ጨው ውሃ ጠጥቷል። በዙሪያው እርጥብ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተነፋፍቶ ወጥቷል። ምስሏን ሳነሳት ከሥሯ ምስር የሚያሳልፍ ቀዳዳ አየሁ፤ በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። አወጣኋትና ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። ኪፕሪያን ሁለት ስኒ ይዞ መጣ።

«ምንድነው አባባ?» አለኝ።

«ብየዳው ነው» አልኩት።

ያሰብኩበት ነገር አልነበረም። አንድ ስንዝር ርቆ የጎድኑ መጋጠሚያ አለ፤ እሱ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ እንጂ በያጅ አይደለም። «የላዛር ብየዳ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ማመን አቅቶት። ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ሻዩን ጠጣሁ።

የተበላውን ቦታ ቆርጬ የቁርጥራጭ በርሜል ውስጥ ጣልኩና በራሴ እጅ ለጠፍኩት። ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባውን ቤት አዳርሷል። ላዛር ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። «የት ጋ ነው አባባ?» አለኝ። መጋጠሚያውን አሳየሁትና እዚህ ጋ ብየዳው የአየር አረፋ ይዞ ነበር አልኩት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያ ልጁ የተወለደችው ይህን በበየደበት ሳምንት እንደነበር፣ ምናልባት ቸኩሎ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ያላገኘሁትን ምክንያት እሱ ራሱ ፈልጎ አመጣልኝ። «ይሆናል» አልኩት። ይህችን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

በዚያ የብርድ ወራት ጀልባ ያዘዙ ሁለት ሰዎች ላዛር የታችኛውን ባይነካው ደስ እንደሚላቸው በጨዋ ደንብ ነገሩኝ። እሺ አልኳቸው። አማቼ የእጅ መደገፊያና የበር ማጠፊያ በያጅ ሆነ። ከማዕድ ተነስቶ መብራት ይዞ እየወጣ በግቢያችን የቆሙትን ጀልባዎች ሆድ ሥር ገብቶ የድሮ ብየዳዎቹን ይዳብሳል። ልጄ ኡሊታ መጥታ «አባዬ፣ አንድ ነገር በለው እንጂ፣ እንቅልፍ አጥቷል» አለችኝ። ሄድኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም አልኩት። አመሰገነኝ።

እነግረዋለሁ እል ነበር። ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ። ምስሏን አጥቤ ቤቴ ወዳለው የጸሎት ጥግ መልሻት ነበር፤ ግን ስጸልይ ትንሽ ወደ ጎን ዞሬ መቆም ለመድኩ። የፈራሁት ቅጣት እንዳይመስላችሁ። የፈራሁት ሳቅ ነው። በሳንቲም ሰውን ወለል የሚያስጠርገው አኒሲም ነሐስ በእጁ ጀልባ ውስጥ ቀበረ እንዳይባል ነው። ለዚህ ብዬ የሰው ልጅ ስም ሸጥኩ።

የቅበላው ሳምንት መጣ። በቅቤ የራሰ ቂጣ በጭስ ከደረቀ ዓሣ ጋር በልተን ጨረስን። እሑድ ማታ እንደ ደንባችን በጸሎት ቤቱ ለይቅርታ ተሰለፍን። እያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ፊት ይሰግዳል፤ ትልቅ ትንሽ የለም። አንዱ «ስለ ክርስቶስ ይቅር በለኝ» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» ብሎ እሱም በተራው ይሰግዳል። ስለ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

ላዛር ፊቴ ደረሰ። ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደና «ስለ ኪፕሪያን ጀልባ፣ ስለ ክርስቶስ ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለ። ቀና ብሎ ዓይኖቼን አየ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት።

ተራው የእኔ ነበር። ጉልበቴ እያቃሰተ ሰገድኩና ስለ ክርስቶስ ይቅር በለኝ አልኩ። እጄ ወለሉ ላይ እንዳለ ቀና አልኩ።

«ስለ ምኑ አባባ?» አለኝ፣ በቀስታ።

ሰልፉ ቆመ። ኪፕሪያን ከላዛር በስተኋላ ሦስተኛ ነበር፤ አንገቱን አስግጎ ያያል። ከዚያ ቀለል ያለ ሰዓት በሕይወቴ አላገኝም ነበር፤ ወለሉ ላይ ነኝ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው፣ የሚቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ስለ ሁሉም» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት» አለና አለፈ። ከኋላው ኡሊታ ነበረች። ሰገደችልኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም።

በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ወደ ወርክሾፕ ስገባ ላዛር ጓንቱንና የሽቦ ብሩሾቹን ከረጢት ውስጥ እየከተተ ነበር። ከተማ ካለ ጀልባ ሠሪ ዘንድ ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። ጠረጴዛው ላይ ከኪፕሪያን ጀልባ የቆረጥኳት ቁራጭ ተቀምጣለች። ከበሩ ሆኜ አወቅኳት።

«ባለፈው ሳምንት ቁርጥራጩን ለመሸጥ ስጭን ነው ያገኘኋት» አለኝ። «ቀዳዳው ብየዳ አጠገብ አይደለም። ዳር ዳሩ ደግሞ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሚያወጣው ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ካወቅክ ታዲያ ትናንት ለምን ሰገድክልኝ?»

«በር ልከፍትልዎ ብዬ ነው። እርስዎ ግን ይቅር አሉኝ።»

ተቀመጥኩ። ቅዳሜውን፣ ጎማውን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ቢመታኝ እመርጥ ነበር።

«አምስት ወር ሙሉ እጄን ስጠረጥር ነው የኖርኩት» አለኝ በመጨረሻ። «ልጄን ሳቅፍ እንኳ እጄን አያለሁ።»

ለኪፕሪያን ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አልኩት። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ለኪፕሪያን የነገሩት አንድ ቃል ነው፤ አርባ ቤት ገባ። አሁንም ለአርባው ይንገሩ።» ከረጢቱን ግን መልሶ አስቀመጠው። ለኡሊታ ብሎ እንጂ ለእኔ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በመጀመሪያው የጾም እሑድ ንባቡ እንዳለቀ ወደ ፊት ወጥቼ ተንበረከክሁና ተናገርኩ። ከሌሎች መንደሮችም ሰው መጥቶ ነበር። ነሐሷን ማን እንዳስቀመጣት፣ ቀዳዳውን ማን እንደደበቀ፣ የላዛር ብየዳ አንዲት ጠብታ እንዳላስገባ፣ አንድ በአንድ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉኝ። ኪፕሪያን መጥቶ በብብቴ ይዞ አነሳኝና ሳመኝ።

ልናቅ ሄጄ ተከብሬ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት የጾም ድንችና ጎመን የተሞላ ዳቦ ያላመጣልኝ ቤት የለም፤ የታመምኩ ይመስል። በሰባ አንድ ዓመቱ ተንበረከከ፣ እንዴት ያለ ልብ ነው ይሉ ነበር። ወደ እሷና ወደ ላዛር ቤትስ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አለ ወይ ብዬ ኡሊታን ጠየቅኳት። «ማን ሊመጣ?» አለችኝ። ላዛር ያችን ቁራጭ ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር ሸጣት፤ እርስዎ ከተናገሩ ወዲያ ምን ትሠራልኛለች ብሎ።

ከፋሲካ በኋላ ዜኖን የሚባል፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለ መንደር ሰው፣ ጀልባ ሊያዝዝ መጣ። በዚያ እሑድ ከፊተኞቹ መካከል ቆሞ ሲሰማኝ አይቼዋለሁ። ንድፉን ተነጋገርን፤ ወደደው። ላዛር ሁለት እርምጃ ርቆ ላሜራ ያጸዳ ነበር። ዜኖን ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ግን በቂ አልነበረም።

«አንድ ነገር ልለምንዎ አባባ። የታችኛውን እርስዎ ይበይዱልኝ። እጅዎን ነው የማምነው።»

«በዚያ እሑድ ነበርክ እኮ» አልኩት። «ሰምተሃል። ጀልባውን የበሳሁት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ እንጂ» አለ። እጄን በሁለት እጁ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አማችዎን ለመሸፈን ብለው ራስዎን በሰው ፊት ያዋረዱ ሰው ነዎት። ሁሉም ያውቃል አባባ። ለዚህ ነው የምንወድዎት።»

አይደለም አልኩ። እውነቱ ነው፣ ነሐሷን ላሳይህ፣ ቤት አለች አልኩ። ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር እሱ እጄን ጠበቅ አድርጎ ፈገግ ይላል። የላዛር ብሩሽ ድምፅ ቆሟል። ዘወር ስል ማስኩን ፊቱ ላይ አወረደና ብየዳውን ጀመረ። ብርሃኑ ዓይን ያጠፋልና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እስኪጨርስም አልተመለስኩም።