ከመቶ ሃያ ጋሪ

ናኦሚ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። አምቦ ውስጥ የእህል መውቂያ ማሽን ከሚሠራ ወርክሾፕ እንደተቀጠረች፣ «የትኛው ማሽን ከምን ዕቃ ጋር እንደሚሸጥ ሳናውቅ ለምን በጭፍን እንሠራለን?» እያለች ባለቤቱን ኦቦ ሌንጂሳን ስድስት ወር ነዘነዘቻቸው። በመጨረሻ ሰለቻቸውና የሁለት ዓመቱን ደረሰኝ በካርቶን አስረከቧት።

ቆጠረች። የባኮ ገበሬዎች በቆሎ የሚፈለፍሉበት ባለ ሞተሩ ትልቁ ማሽን አርባ ተሸጧል፤ ሠላሳ ስድስቱ ማሽኑን ጭኖ ከሚወስደው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ጋር ነው። ከመቶ ዘጠና መሆኑ ነው። ጎጆ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ገብስ የሚወቁበት፣ በእግር የሚረገጠው ትንሹ ደግሞ ዘጠና ተሸጦ ጋሪ የተወሰደው ከአሥራ ስምንቱ ጋር ብቻ ነው። ከመቶ ሃያ! አፏን ሞልታ «የትንሹ ጋሪ ፈላጊ የለውም» አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ኦቦ ሌንጂሳ እዚያው ወሰኑ፦ የትንሹ ጋሪ ይቁም፣ ጋሪውን የሚበይዱት ኦቦ ጋሮማም በወሩ መጨረሻ ይሰናበቱ። እኚህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ጥግ ብረት ሲበይዱ የኖሩ ናቸው። ናኦሚ ይህ ይመጣል ብላ አላሰበችም ነበር።

ካርቶኑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። በመጀመሪያው ቆጠራ ያላየችውን ያየችው ያኔ ነው። ጋሪ ያለበት የጎጆ ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን ሁሉ፣ ጋሪ የሌለባቸው አራት ደረሰኞች ተከታትለው ተቆርጠዋል። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው ትል ነበር። አሥራ ስምንት ጊዜ ግን ምን የሚሉት አጋጣሚ ነው?

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ በዚያ ጉድጓዳም መንገድ አንጀቷ እየተናወጠ ጎጆ ገባች። ስማቸውን ከደረሰኙ ላይ ያገኘቻቸውን አዴ ወርቅቱን አጠያይቃ ደጃቸው ደረሰች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ? ማሽኑን ሲገዙ ጋሪ ያልጨመሩት ለምንድን ነው?»

«ጋሪማ አለን!» አሉ አዴ ወርቅቱ። «አምስት ጎረቤታሞች አዋጥተን በአንዳችን፣ በኤጄታ ስም ገዛን። ጋሪው የአምስታችንም ነው።»

«ታዲያ ማሽኑንስ ለምን ለአምስት አልገዛችሁትም?»

አዘኑላት። «ልጄ፣ ገብሱ የሚደርሰው በአንድ ሰሞን ነው። ዝናብ እያስፈራራ ማን ማንን ይጠብቃል? ጋሪው ግን አንዱን ማሽን ማሳ አድርሶ ለሌላው ይመለሳል።»

«ጋሪ ባይኖርስ?»

«በዚህ ዳገት በጀርባችን ልንሸከመው ነው? አንገዛም ነዋ!»

ናኦሚ ከሰዓት በኋላ አምቦ ተመልሳ ከኦቦ ሌንጂሳ ቢሮ በር ላይ ቆመች። ተሳስቻለሁ ካለች ደረሰኙን ዳግም እንደማያስነኳት ታውቃለች፤ ፈራች። ፈርታም ገባች።

«ተሳስቻለሁ፣ ኦቦ ሌንጂሳ። ያካፈልኩት በማሽን ነው፤ ማካፈል የነበረብኝ ግን ተሰባስበው በሚገዙት ጎረቤታሞች ነበር። አሥራ ስምንት ቡድን ገዝቷል፤ ጋሪ ሳይወስድ የሄደ አንድም የለም። ከመቶ መቶ ነው።»

«እና ጋሪውን ብናቆም...»

«ትንሹን ማሽን የሚገዛን የለም።»

ኦቦ ሌንጂሳ ኦቦ ጋሮማን አስጠርተው ስንብቱ መቅረቱን ነገሯቸው።

«መጀመሪያውንስ ጋሪው ፈላጊ የለውም ያለው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ ኦቦ ጋሮማ።

ኦቦ ሌንጂሳ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ ነኝ» አለች ናኦሚ። «ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን ያወቅኩት ዛሬ ጎጆ ድረስ ሄጄ ነው።»

ኦቦ ጋሮማ አልተቆጡም፤ የባሰባትም እሱ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ሁሉ መንገድ ለምን ደከምሽ?» አሏት። «ጋሪ ሲሰበርባቸው ለማስጠገን የሚመጡት አምስት ሆነው ነው። እኔ ከጠረጴዛሽ አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ፤ የጠየቀኝ ሰው የለም።»