የጋሽ ልክነው አውራ ጣት

«አባባ፣ ይበቃዋል?» አለች ምራታቸው፣ የመንፊያውን እጀታ እንደጨበጠች ቁና ቁና እየተነፈሰች።

ጋሽ ልክነው ጎንበስ ብለው የብስክሌቷን የፊት ጎማ በቀኝ አውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ምንም አልተሰማቸውም። ጠንካራ ይሁን ልል፣ ጎማ ይሁን ትራስ፣ ጣታቸው ወሬ አላመጣም።

«ልክነው» የሚለውን ስም ሰፈሩ ያወጣላቸው ከራሳቸው አፍ ወስዶ ነው። ብስክሌት ሲጠግኑ አርባ ዓመት ሆናቸው። ጎማ ነፍተው፣ በጣታቸው ጫን አድርገው «ልክ ነው» ካሉ አለቀ፤ ሌላ ዳኛ የለም። የመንፊያው መለኪያ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ፤ ጣት እያለ መርፌ ምን ሊሠራ ይሉ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ታመሙና ቀኝ እጃቸውን ያዛቸው። ውሎ አድሮ እጁ ተመለሰ፤ ማንኪያም መፍቻም ይይዛል። የጣቱ ስሜት ግን በሄደበት ቀረ። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጃቸው ገና አልጋ ላይ ሳሉ፣ «አባዬ፣ እጅህ ካልሠራ መጠገኛ ቤቷን እናከራያትና አንተም ታርፋለህ» ብሏቸው ነበር። ግድግዳ ሲያዩ መዋል ማረፍ ከተባለ እንግዲህ።

ስለዚህ በግምት «ልክ ነው» ማለቱን ቀጠሉ። ባለፈው ሳምንት የዳቦ ጋጋሪው ጎማ ልክ ነው በተባለ በሰዓቱ ፈነዳ። «ፀሐይ ነው» አሉት ፈርጠም ብለው። ሰውየውም አመነ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

ዛሬ ደግሞ የገዛ ምራታቸው ናት። አስተማሪ ነች፤ ሁለት ሰዓት ላይ ፈተና አለ፣ የፈተናው ክፍል ቁልፍም በእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጎማው ቢፈነዳስ?

«አባባ፣ ረፈደብኝ እኮ።»

«ልክ…» ብለው ጀመሩና ዋጡት። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ጣቴ አይሰማም።»

«እንዴት አይሰማም?»

«አይሰማማ። ከታመምኩ ወዲህ እሳት ቢነካውም አያውቅ። የዳቦ ጋጋሪውን ጎማ ያፈነዳሁት እኔ ነኝ። ፀሐይዋ ምን አደረገች።»

ምራታቸው እሳቸውን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ስልክ አንስታ ለባሏ የምትደውል መሰላቸውና አፈሩ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ጎማው ሥር ቁጢጥ አለች።

«ታዲያ የኔ ጣት ይንካዋ። ያሳዩኝ።»

«መጀመሪያ መንፊያውን ንቀይ። ጎማውን አሽከርክሪና ጠርዙ የቸርኬው ብረት ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን እዪ።»

አሽከረከረችው። «እዚህ ጋ አበጥ ብሏል።»

«አየሽ፣ የውስጡ ጎማ ተቆንጥጧል። አስተንፍሺውና ጠርዙን በጣትሽ ወደ ውስጥ መልሺው። ጎበዝ። አሁን የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ወደ ላይ አድርጊ፤ የመንፊያውን አፍ ቀጥ አድርገሽ አስገቢና ቆልፊው። በይ ንፊ፣ በእርጋታ። እጀታው እስከ ታች ይውረድ፤ ግማሽ ግማሹን መንፋት ላብ እንጂ አየር አያመጣም።»

ነፋች። እሳቸውም ጠርዙን በዓይናቸው ተከተሉ፤ አሁን እኩል ተቀምጧል። የሚቀረው ጣት ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩትን በቃል ተናግረውት ስለማያውቁ ትንሽ አሰቡ።

«እስቲ አንዱን እጅሽን አጥብቀሽ ጨብጪ። አውራ ጣትሽ ሥር ያለውን ሥጋ በሌላው እጅሽ ጫን በይው። ተሰማሽ? ጎማውም እንደዚያ ሲሆን ተዪው።»

እጇን ጫነች፣ ጎማውን ጫነች። «ገና ነው» አለች። አምስት ስድስት ጊዜ ነፍታ እንደገና ነካችው። ጋሽ ልክነው ትንፋሻቸውን ይዘው ፊቷን ያያሉ። ደንበኞቻቸው ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲጠብቁ ኖረዋል ለካ።

«ልክ ነው» አለች ምራታቸው።

ብስክሌቷን ይዛ ልትወጣ ስትል፣ «ለባልሽ ትነግሪዋለሽ?» አሏት።

«እኔ ምን አገባኝ፣ እርስዎ ይነግሩታል እንጂ። ከሰዓት በኋላ ግን የኋላውን ያሳዩኛል።»

ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ታች መታጠፊያው ጋ ደህና እስክትሰወር ቆመው አዩዋት። ዘወር ሲሉ ዳቦ ጋጋሪው ጎማው የተነፈሰ ብስክሌቱን እየገፋ ደርሷል።

«ጋሽ ልክነው፣ ይቺን ነፋ ያድርጉልኝና ጣትዎን ያሳርፉባት።»

ቀኝ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ኪሳቸው ሊገባ ነበር። መለሱት።

«ያለፈውን ያፈነዳሁብህ እኔ ነኝ፤ አዲስ አስገባልሃለሁ። ይቺን ጥለሃት ሂድ። ከሰዓት ምራቴ ስትመጣ እሷ ትለካታለች።»

«እርስዎ እያሉ?» አለ ሰውየው ግር ብሎት።

«እኔ እያለሁ» አሉና፣ ሁለተኛ በርጩማ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።