የጌታው ተረከዝ

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው መንሾካሾክ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ የቴአትሩን ጽሑፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ያቀብላል። ሹክሹክ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ከመዝገብ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም።

ብዙ ያቀበለው ለአንድ ሰው ነው። ሁልጊዜ ጌታ ሆኖ ስለሚጫወት ጌታው ይሉታል፤ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ሽማግሌ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ቃል ይጠፋበታል። ይህን የሚያውቀው ሹክሹክ ብቻ ነው። አንድ ቀን መልበሻ ክፍል ውስጥ ጌታው፣ «ከመድረክ ያወረዱኝ ቀን ቅበሩኝ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹክሹክ ታሞም ቢሆን ከበርጩማው ቀርቶ አያውቅም።

ወረርሽኝ መጣና አዳራሹ ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከተተ። በሁለተኛው ወር አዘጋጇ፣ ልጅ እግር ብትሆንም ቆራጥ ናት፣ ቴአትሩን በኢንተርኔት እናሳያለን አለች። አራቱ ተዋንያን በየቤታቸው ስልክ ፊት ቆመው ይጫወታሉ፤ ሕዝቡም ከየቤቱ ያያል። አባትና ልጅ የሚተቃቀፉበት ቦታ ወጥቶ በደብዳቤ ተተካ። ጽሑፋችሁን ከስልኩ ጎን መለጠፍ ትችላላችሁ ስትል ጌታው ተቆጣ፤ እኔ ፊደል ቆጣሪ ተማሪ አይደለሁም አለ። ሹክሹክ ምክንያቱ ገብቶታል። ቃል የጠፋበት ሰው ወረቀቱም ላይ ቦታውን አያገኘውም።

ሁለቱ ብቻቸውን ተመካከሩ። ጌታው የሚስቱን ስልክ ከራሱ ስልክ ጎን ያቆማል፤ ሹክሹክ በቪዲዮ ይደውልለታል፤ ድምፁም ከቆቡ ሥር በተደበቀች ገመድ አልባ ማዳመጫ ይደርሰዋል።

የመጀመሪያው ልምምድ ተበላሸ። ጌታው ለአፍታ ዝም ሲል ሹክሹክ ቃል አቀበለው። ዝምታው ግን የትወናው ነበርና ጌታው ተደናቀፈ። ትንሽ ቆይቶ የምር ቃል ጠፋበት፤ ሹክሹክ አሁንም ትወና መስሎት ዝም አለ። አዘጋጇ ምን ሆናችሁ ስትል ጌታው የኢንተርኔቱ መስመር ነው አላት። ያን ሰሞን የሰው ጥፋት ሁሉ በመስመር ይሳበብ ነበር።

ሹክሹክ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። ነገሩ የተገለጠለት ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ጌታውን ሲጫወት ከፊት አይቶት አያውቅም፤ ዕድሜውን ሁሉ ያየው ከኋላ ነው። ቃል ሲጠፋው ቀኝ ተረከዙ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ይላል። ፊቱ የሠለጠነ ውሸታም ነው፤ ተረከዙ ግን ትወና አልተማረም።

ደውሎ፣ የሚስትህን ስልክ ከኋላህ ወንበር ላይ አቁመው አለው። ጌታው ሳቀ፤ ደስም አለው፤ ነገ እንዲሁ አደርጋለሁ አለ። በማግሥቱ ልምምዱ ሊጀመር ሲል ግን ስልኩ ፊት ለፊት ቆሟል። ሹክሹክ ወንበሩስ ሲለው፣ ጌታው «የምን ወንበር?» አለ። ትላንት መነጋገራቸውን እንኳ አያስታውስም።

ሹክሹክ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ለጌታው ሚስት ደወለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ካስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ።»

ሁሉንም ነገራት።

«ቁልፍ ይጠፋዋል» አለች ሚስትየው። «የልጅ ልጁ ስም ይጠፋዋል። ግን መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሳሳት ይናገራል፤ እንግዲህ ደህና ነው እያልኩ እጽናና ነበር። ለካስ አንተ ነህ።»

«እኔም ቤቱ ሲገባ ደህና ነው እያልኩ ነበር።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ሆድህ ጎተራ ነው እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

ተቆጥታለች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። ስልኩን ራሴ ይዤ ከኋላው፣ ካሜራው ከማያሳየኝ ጥግ እቀመጣለሁ፤ ለእሱ ምን እንደምለው ለእኔ ተወው አለችው። ምን እንዳለችው ሹክሹክ አልጠየቀም። በሚቀጥለው ልምምድ ተረከዙ ቁልጭ ብሎ ታየው።

ትርኢቱ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ተረከዙ በመጀመሪያው ክፍል አንዴ፣ በሁለተኛው ሁለቴ ተነሣ፤ ሦስቴም ቃሉ ደረሰ። በመጨረሻው ክፍል፣ ጌታው የሚጫወተው አባት ለተጣላው ልጁ የሚናገርበት ቦታ ላይ፣ ተረከዙ ደግሞ ከፍ አለ። ሹክሹክ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጨለመ።

መልሶ ደወለ። ጥሪ አይቀበልም። ደግሞ ደወለ። ትርኢቱን የሚያይበት ሌላ ስልክ የለውም። ጽሑፉን ጭኑ ላይ እንደያዘ የግድግዳውን ሰዓት ሲያይ ቆየ። ትርኢቱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ አሥሩም አለፈ። ሌላ አሥርም አለፈ።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ሚስትየው ናት።

«ጠዋቱን ሙሉ ለእህቶቼ ዛሬ ባሌን እዩልኝ እያልኩ ስደውል፣ ለካ ባትሪውን ጨርሼዋለሁ። እጄ ላይ ሞተ።»

«እሱስ?»

«ምን ይሆናል? ተረከዙ ሲነሣ ከጀርባው ተከልዬ በጆሮው ነገርኩት። ‹ልጄ ሆይ፣ በሩን አልዘጋሁብህም።› ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግመው ድመቷ እንኳ ይዛዋለች። ማንም አላየም፣ አልሰማም። አዘጋጇ አሁን ደውላ አመሰገነችው፤ የሚመጣው እሑድም ይድገምልን አለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት ሹክሹክ።

ከኋላዋ የጌታው ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ያ ሰውዬ ነው? እሷ ከአንተ ትሻላለች በይው፤ አፏ ሽንኩርት አይሸትም።»

ሚስትየው ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መንገዱ ሲከፈት ሐኪም ዘንድ ሦስታችን እንሄዳለን አለችው። እሺ አለ። እስከዚያው ጽሑፉን ላክልኝ፣ ተራ በተራ እንይዘዋለን አለች።

ሹክሹክ ጽሑፉን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣ ላከላት። ከአንዳንዱ መስመር ጎን በእርሳስ የተደረጉ ነጥቦች አሉ፤ ለማንም አሳይቷቸው አያውቅም። አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መልእክት ገባ፤ ነጥቡ ምንድን ነው ትላለች።

እዚህ ጋ ትንሽ ጠብቂው፣ ቃሉ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል ብሎ ጻፈላት።