ለኖሩዝ የታጠበው ገንዳ

ሚስቴ ኤፋት በመከር ወራት ታመመች። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ከሆስፒታል ስትመለስ አልጋዋን መስኮቱ አጠገብ አደረግንላት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የመስኖ ቦይ ነው። ድሮ ውሃ ሲወርድበት ዳሩ ላይ ተቀምጣ ሩዝ እየለቀመች፣ የቦዩ ሣር በውሃው ውስጥ ሲወዛወዝ ታይ ነበር። አሁን ወንዙ ደርቋል። በቦዩ የሚሄደው ነፋስ የሚገፋው ፌስታል ብቻ ነው።

እኔ በዚህ የኢስፋሃን ሰፈር የውሃ አባት ነበርኩ። አካፋ ይዤ አንዱን አትክልት ዘግቼ ለሌላው እከፍታለሁ፤ ተራ አስጠብቃለሁ፤ ሲጣሉ አስታርቃለሁ። ወንዙ ሲቀር ሥራዬም ቀረ።

ልጃችን ናሂድ ከቴህራን መጣች። አልጋው ግርጌ ቆማ፣ እናቷ እየሰማች ነገረችኝ።

«አባባ፣ እስከ አዲስ ዓመት፣ እስከ ኖሩዝ በእግሯ ካልቆመች እወስዳታለሁ። ብቻህን አትችላትም።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ?»

«ሊፍት አለው።»

ኤፋት ከግድግዳው ሳትዞር፣ «እኔ ቴህራን የምሄደው ሬሳ ስሆን ነው» አለች።

ናሂድ አለቀሰች። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። በዚህ እኔን ትመስላለች።

ሐኪሙ ትነሣ፣ ትራመድ ብሎ ነበር። የብረት መደገፊያ ገዛንላት። መደገፊያው የሸሚዜ ማድረቂያ ሆነ። «ተነሺ» ስላት «የት ልሄድ?» ትለኛለች።

ሲያማክ ዓሣ ሻጭ ነው። ራሱ የተመለጠ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። ሱቁ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ስሰለፍ የሱቁ መስታወት ፊቴ ነው። እዚያ ውስጥ ሣር የሞላበት አንድ ገንዳ አለ። ዓሣው ጥቂት ነው፤ ሣሩ ግን ይወዛወዛል፣ ልክ እንደ ቦያችን ሣር። ብዙ ጊዜ እያየሁ አልፌያለሁ። አንድ ቀን ገባሁ።

«ሃጂ፣ ዳቦው በዚያኛው በር ነው» አለኝ።

«ይህን ሣር ትሸጣለህ?»

«ምነው፣ በግ ገዙ እንዴ?»

ለማን እንደፈለግሁት ስነግረው መቀለዱን ተወ። ገንዳ መረጠልኝ፣ ጥቁር አፈር፣ ከላዩ የሚነሰነስ አሸዋ፣ መብራት፣ ስፖንጅ ያለው ማጣሪያ። ሣሩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቀለለልኝ። ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ጀመረ።

«ዓሣ አሁን አልሰጥዎትም። መጀመሪያ ውሃው ይብሰል።»

«ዕድሜ ልኬን ውሃ ሳካፍል ኖሬ፣ ስለ ውሃ ልታስተምረኝ ነው?»

«የእርስዎ ውሃ የሚሄድ ነው ሃጂ። ቆሻሻውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ይኸኛው የት ይሂድ? እዚያው ያለ ነው። ስፖንጁ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ይራባሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ስፖንጁ ሲጠቁር ደስ ይበልዎት። ቢደፈን እንኳ ከገንዳው በቀዱት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ነው። ቧንቧ ሥር እንዳይታጠብ።»

ገንዳውን ከአልጋዋ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው በኩል አቆምኩት። ወደዚያ ነው የምታየው። አፈሩን አነጠፍኩ፣ አሸዋውን አለበስኩ፣ ሣሩን በኤፋት የቅንድብ ወረንጦ እየያዝኩ ተከልኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንዴ ለቀቅኩበት። አፈሩ ተገለበጠ፣ ሣሩ ተነቅሎ ተንሳፈፈ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ።

ከአልጋው ድምፅ መጣ። «ምን እየቀበርክ ነው?»

«ሣር እየተከልኩ ነው።»

«በወረንጦዬ?»

ከታመመች ወዲህ እኔን በራሷ ስታናግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጭቃውን ቀድቼ ደፋሁ፤ እንደገና ተከልኩ። አሁን አሸዋው ላይ ሳህን አድርጌ፣ ሳህኑ ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ። እሷ ከአልጋዋ ታዝዘኛለች። «ያኛው ዘመመ።» «ረጅሙን ከኋላ አድርገው እንጂ፣ ሰው ፎቶ ሲነሣ አይተህ አታውቅም?» አንዱን ስተክል አንዱ ይነቀላል። ጠዋት የጀመርኩት ሲመሽ አለቀ።

ብዙ ሳይቆይ ቅጠሉ መቅለጥ ጀመረ። ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ተቀቀለ ስፒናች ሟሸሸ። ሲያማክ «ይጠብቁ፣ ሥሩ ደህና ነው፣ ውሃ እየለመደ ነው» ይለኛል። እጠብቃለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ኤፋት ደግሞ ታያለች። «የነካኸው ሁሉ ይደርቃል። ወንዙንም አንተ ነህ ያደረቅኸው» አለችኝና ሳቀች። አፏ ወደ አንድ በኩል ነው የሚስቀው። ብትስቅብኝ ግድ አልነበረኝም።

የብርዱ ወራት ሊወጣ ሲል ከሥሩ አዲስ ቅጠል ወጣ። ሲያማክ ውሃውን በጠብታ መድኃኒት መርምሮ «በስሏል» አለኝ። ጎናቸው ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች ሰጠኝ። ስለቅቃቸው ሣሩ ውስጥ ገብተው ጠፉ።

«የት ገቡ?» አለች ኤፋት።

«ከኋላ ናቸው።»

«ከዚህ አይታዩኝም።»

«ከአልጋ አይታዩም» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሸሚዜን ከመደገፊያው ላይ አነሣሁና ወጥቼ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። በመስኮቱ አየኋት። ረጅም ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ብረቱን ያዘች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ገንዳው ድረስ ትሄዳለች። ወንበር አደረግሁላት። ግራ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጦ ይውላል፤ ማንኪያ እንኳ አይዝም። ለናሂድ በስልክ ነገርኳት። «ቆማ ካየኋት ደስ ብሎኝ ብቻዬን እመለሳለሁ» አለች።

ኖሩዝ ሲቀርብ ቤት ማራገፍ መጣ። በእኛ ዘንድ ቆሻሻ ይዞ ወደ አዲስ ዓመት የሚሻገር ቤት የለም። ምንጣፍ ይታጠባል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለ አቧራ ሳይቀር ይወጣል። ጎረቤታችን ሞሉክ ልታግዘን መጣች። ወሬዋ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። እሷን ከኤፋት ጋር ትቼ ዳቦ ልሰለፍ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር።

ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ገንዳው መስታወቱ ያበራል። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠርቷል። ዓሦቹ ድስት ውስጥ ናቸው። በረኪና ሸተተኝ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ኤፋት ሆዷን በዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ አስደግፋ ቆማለች። መደገፊያው ሩቅ ነው። እጅጌዋ ተሰብስቧል። የማጣሪያውን ስፖንጅ ሙቅ ውሃና በረኪና ውስጥ ታሸዋለች።

«ኤፋት፣ እሱ አይታጠብም።»

«አይታጠብም? ጥላሸት መስሎ! ልጄ መጥታ ይህን ታይ?»

«ሲያማክ በቧንቧ ውሃ እንዳይነካ ብሏል።»

«ሲያማክ ሚስት የለውም። ለዚያ ነው።»

ሞሉክ ከኋላዬ ሳቀች። «እኔስ አሸዋውን ለማጠብ አልደረስኩም እንጂ መስታወቱን በበረኪና ጨርቅ ፈትጌ፣ ውሃውን ሁሉ ደፍቼ፣ አዲስ ከቧንቧ ሞላሁላችሁ። ምን የመሰለ ነገር ከሥሩ እንደወጣ ብታይ፣ ወንድሜ ያዶላህ!»

«ውሃው የሞተ ውሃ ነው አሁን» አልኩ።

«ስማ» አለች ኤፋት፣ «ዕድሜህን ሙሉ በጭቃ እግርህ ምንጣፌ ላይ ስትወጣ ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ ቆሻሻ ጻድቅ ነው ልትለኝ ነው? ዞር በል፣ አጥቤዋለሁ፣ ልጨምቀው።»

የምትጨምቀው በግራ እጇ ነበር። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ አረፋው በመሃላቸው ይወጣል። እሷ ራሷ አላስተዋለችም። ዳቦውን አስቀመጥኩ።

ወደ ሲያማክ ሄድኩ። ሱቁ በኖሩዝ ቀይ ዓሣ ገዢ ተጨናንቋል። ነገርኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«በረኪና?»

«በረኪና።»

«ኧረ ሃጂ! ምነው ዝም አሉ?»

«ተናገርኩ እኮ።»

ከራሱ ገንዳ ጥቁር ስፖንጅ አውጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ጨመቀልኝ። «ይህን ይጨምሩበት። በየቀኑ ግማሹን ውሃ ባልዲ ውስጥ ባደረ ውሃ ለውጡ። ምግብ አትስጧቸው። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።» ጠርሙሱን በኮቴ ሥር ደብቄ አመጣሁ። ኤፋት ስታሸልብ ጠብቄ፣ ያን ቆሻሻ እነሱ ባጠቡት ገንዳ ውስጥ አፈሰስኩ።

አልያዘም። ውሃው እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባልዲ እያመላለስኩ ቀየርኩ፤ ጠራ፣ ተመልሶ ነጣ። ድሮ እህል ሲጠማ ከላይ ያለውን የቦይ በር እከፍት ነበር። እዚህ የሚከፈት በር የለም።

«ርቧቸው ነው» አለች ኤፋት፣ ወንበሯ ላይ ሆና። «አፋቸውን እያቸው።»

«አልራባቸውም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

ባልዲዬን አነሣሁ። መጀመሪያ አንዱ በጎኑ ተኛ። ከዚያ ሌሎቹም። እያወጣሁ ከሮማኑ ዛፍ ሥር ቀበርኳቸው። የመጨረሻውን ሳወጣ እያየችኝ ነበር።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ውሃው ነው።»

«ውሃውን ምን አደረገው?»

ተነሥታ አልጋዋ ላይ ወጣች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ነበር፤ ግን በዚያ በኩል ገንዳው አለ። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ወደ ደረቁ ቦይ። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ይዤ «ስፖንጁን የጨመቅሽው በዚህ ነው፣ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ጣቶቿ እጄ ውስጥ አልተንቀሳቀሱም።

ናሂድ በኖሩዝ ዋዜማ ደረሰች። ለበዓሉ ጠረጴዛ ቀይ ዓሣ በፌስታል ይዛ ነበር፣ ሰው ሁሉ እንደሚይዘው።

«ገንዳ አለህ አይደል አባባ? እዚያ ልልቀቀው?»

«ይሞታል። የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጊው።»

እናቷን አየች። እኔን አየች። «በስልክ ትራመዳለች ብለኸኝ...»

«ትራመድ ነበር።»

«አባባ፣ ለምን ትዋሸኛለህ?»

ኤፋት ታስረዳልኝ ብዬ ጠበቅኩ። አላስረዳችም።

ጠረጴዛው ተዘረጋ፣ ዓመቱ ተለወጠ፣ ተሳሳምን። ኤፋት አልጋዋ ላይ ሆና ተሳመች። በዓሉ ሲያልፍ ናሂድ የእናቷን ልብስ ሰበሰበች። ኤፋትን ካልሲዋን እኔ አለበስኳት። ሬሳ ስለመሆን ያለችውን ነገር አላነሣችም። እንድታነሣው ፈልጌ ነበር። ብትቆጣ፣ ብትሰድብ፣ በሩን ዘግቼ እቆም ነበር። እሷ ግን ክንዷን ለልጇ ሰጠች።

መንገደኛ ሲሄድ ይመለስ ዘንድ ከኋላው ውሃ ይፈሳል። ሞሉክ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንተ አፍስስ» አለችኝ፣ «የውሃ አባት አንተ ነህ።» መኪናው ሲንቀሳቀስ አፈሰስኩ። ውሃው የቦዩ ጠርዝ ድረስ ሄደና ቆመ።

የገንዳው ውሃ አሁን ጠርቷል። በራሱ ጊዜ ጠራ። ሣሩም አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ስፖንጁ ጠቁሯል፤ ማንም አይነካውም። ቀዩ ዓሣ ጠረጴዛው ላይ ዕቃው ውስጥ ይዞር ነበር። ሲያማክን ጠይቄው ነበር። «ቀዩ ሣር በላ ነው፣ እዚያ ካስገቡት ነቅሎ ይጨርሰዋል» አለኝ።

ማታ ማታ ናሂድ ትደውላለች፣ ስልኩን ለእናቷ ትሰጣለች። ኤፋት ብዙ አትናገርም። ትናንት ጠየቀችኝ።

«ውሃው ጠራ?»

«ጠርቷል።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ሣር።»

«ቀዩስ?»

«ዕቃው ውስጥ ነው። ካስገባሁት ሣሩን ይበላዋል።»

ከኋላዋ የሊፍቱ ድምፅ ይሰማል።

«ታዲያ ሣሩን ለማን ነው የምታስቀምጠው?» አለች። «አስገባው። ይብላ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ዕቃውን አንሥቼ ገንዳው አፍ ላይ ዘቀዘቅሁት። ዓሣው ለጥቂት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ ወደ ሣሩ ሄደ፣ ከፊት ያለውን አዲሱን ቅጠል ያዘና ሳበ። እኔም ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ።