የጨረቃዋ ምስክር

ወላሂ፣ እንደ ጨረቃ ነገረኛ አላየሁም። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል እዚህ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለችውን ትንሿን መስጊዳችንን ታባላታለች። ወጣቶቹ "ሳይንቲስቶች አስልተውታል፤ ብርድ ላይ ምን ያስገትረናል?" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ "በዓይን ካልታየች አንጾምም" ይላሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንገቱን አዙሮ የሚያየው ባሌን ነው። አብዱልመናን "አየሁ" ካለ በማግስቱ ጾም ነው፤ "አላየሁም" ካለ አንድ ቀን ይገፋል። ወሎ እያሉ አባቱም እንዲሁ ነበሩ አሉ። ይህ ሰው ከቃሉ ሌላ ሀብት የለውም።

ዘንድሮ ግን ዓይኑ አላማረኝም። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል፤ ስነግረው "ብርጭቆው ነው የተንቀሳቀሰው" ይለኛል። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፣ የዓይን ሞራ አላውቅም እንዴ? "ሐኪም ጋ እንሂድ" ስለው "አብሽሪ" ብሎ ይዘጋኛል። ያስፈራኝ መታወሩ አይደለም፤ ለሞራ ሕክምና አለው። ያስፈራኝ ሳያይ "አየሁ" ብሎ በአላህ ስም እንዳይመሰክር ነው።

ልጃችን ሀሲባ ደግሞ ከትምህርት ቤቷ ቴሌስኮፕ ተውሳ መጣች። መስጊዱ ዊንተሩን ሙሉ ሲጨቃጨቅበት ከርሞ ተስማማ፦ ቱቦው ይፈቀዳል፣ በቱቦው የሚያየው ግን አብዱልመናን ነው። እንዲህ ያለ እርቅ እኛ ጋ ብቻ ነው የሚገኘው።

ቀኑ ሲደርስ ሀሲባ ፕሊማውዝ ካለው ሥራዬ ልታነሳኝ መጣች። ድራይቭ እያደረገች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ክላስ የተማረችውን ታወራልኛለች። ድሮ አውሮፓ ውስጥ አንድ መነኩሴ ተነስቶ መጽሐፉን ሰው ሁሉ ራሱ ያንብበው አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተሰነጠቀ። ቆይቶ ደግሞ ሰማዩን በቱቦ የሚያዩ መጡ፤ ጨረቃ ላይ ተራራ አለ አሉ።

"አንዳንዱ ሊቅ በቱቦው ለማየት እምቢ አለ፣ ማም። ጀስት ላይክ ዳድ።"

"አባትሽን አትንኪ" ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድካም ነው መሰል፣ መኪናው መንገዱን ለቆ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። አንድ የድንጋይ ከተማ ገባሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ደወል ከሩቅ ይሰማል፣ በረዶው ግን የሚኒሶታ በረዶ ነው። ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሊቃውንት ቱቦው ፊት ተሰልፈዋል። ተራው የደረሰው ሁሉ ቱቦውን ዳበስ አድርጎ ያልፋል፤ ጎንበስ የሚል የለም። ጨረቃዋ ከጣሪያዎቹ በላይ ዝቅ ብላ ትጠብቃቸዋለች። የመጨረሻው ሰው ሲዞር ባሌ ነው። "ጎንበስ ብለህ እይ እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። "ራሕመት፣ ፈርቻለሁ" አለኝ።

ስነቃ የመስጊዱ ፓርኪንግ ደርሰናል። ፀሐይ ገብታለች፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጀመዓው በወፍራም ጃኬት ተጀቡኖ ወደ ምዕራብ አፍጥጧል። ደመናው የተወው አንድ ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው፤ በባዶ ዓይን ያየ ሰው የለም። ሀሲባ ቴሌስኮፑን አነጣጥራ አየች፣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፣ ከዚያ ለአባቷ ቦታ ለቀቀችለት።

አብዱልመናን ጎንበስ አለ። ቆየ። ኧረ በጣም ቆየ። ሀሲባ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ "ዳድ፣ እዚያው ናት። ጀስት ሴይ ኢት" አለችው። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። አንዲት ቃል ናት፣ "አየሁ" ቢል ማንም አያውቅበትም።

ቀና አለ።

"እኔ አላየሁም" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "ዓይኔ የሚያየው ጭጋግ ብቻ ነው። ያየችው ልጄ ናት፤ እሷን ጠይቁ።"

ኢማማችን ኡስታዝ ሀዚም ወደ ሀሲባ ዞረ። "አየሽ?"

"አየሁ፣ ወላሂ።"

አንድ ሽማግሌ ማጉረምረም ሲጀምሩ ኡስታዙ ራሱ ጎንበስ አለ። ወዲያው "አላሁ አክበር!" ሲል ሰማነው። ከዚያማ ማን ያቁመው! ያጉረመረሙት ሽማግሌ ሳይቀሩ እየተጋፉ፣ ደመናው እስኪዘጋ ድረስ በገዛ ዓይናቸው አዩ። እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት።

ሰዉ ለሰላት ወደ ውስጥ ሲገባ አብዱልመናን "መኪናው ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ" አለኝ። በረዶው ያንሸራትታል፤ እጅጌዬን ጨብጦ ተከተለኝ።

"ኮራሁብህ" አልኩት። እጅጌዬን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?"

"አምናም እንዲሁ ነበርኩ።"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "አምና ታዲያ ምን አይተህ ነው 'አየሁ' ያልከው?"

"ሰዉ ሁሉ አፌን ሲጠብቅ ያየሁ መሰለኝ፣ ራሕመት። ማየት ፈልጌ ነበር።"

ልሳደብ ብል እንባዬ ቀደመኝ። ያን ሁሉ ሰው ባላያት ጨረቃ አስጹሞት! ግን ባሌ ነው፣ አሳዘነኝ። "በቃ ተወው" አልኩት። "አላህ የሸፈነውን ማን ይገልጠዋል? አሁን ማን ይጠይቅሃል?"

"ማንም" አለ።

እጅጌዬን ለቀቀ። በረዶውን በእግሩ እየዳበሰ፣ ብቻውን፣ ኡስታዙ ወዳለበት ተመለሰ።